ኮንቴይነሩ አያፈስም፤ ዕቃው ግን ይሻግታል

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር የብዙ ነጋዴ የመጀመሪያ ሥራ ክረምቱን ተዘግቶ የከረመውን ኮንቴይነር መክፈት ነው። በሩ ገና ገርበብ ሲል የታፈነ የሻጋታ ሽታ ይቀበለዋል። ከላይ የተደረደረው ካርቶን ጎብጧል፤ ግድግዳውን ተጠግቶ የነበረው ጆንያ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ የቆዳ ጫማው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጋዴው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ቀዳዳ የለም። በያጅ ያስጠራል። በያጁም ዙሪያውን በመዶሻ እያንኳኳ ከፈተሸ በኋላ «ይህ ሣጥን አያፈስም» ብሎ የድካሙን ተቀብሎ ይሄዳል። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

መልሱ ለብዙዎች ቶሎ አይዋጥም። ውሃው ከውጭ አልገባም። ባለንብረቱ ራሱ ከዕቃው፣ ከርብራቡ፣ ከታጠበው ወለልና በውስጥ ከሚያድረው ሰው ጋር አስገብቶ ቆልፎበታል። ይህን የተረዳ ነጋዴ ለብየዳና ለቀለም ከመክፈሉ በፊት በጥቂት ብር የሚሠራውን ይሠራል። ያልተረዳው ግን በየዓመቱ ጣሪያ እያስጠገነ በየዓመቱ ዕቃ ይጥላል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1956 አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን 58 ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ ያሰበው ስለ ጭነት ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ያረጀው ሣጥን ሱቅ ሆኗል፤ መጋዘን ሆኗል፤ የግንባታ ቦታ ቢሮና የጥበቃ ሠራተኛ ማደሪያም ሆኗል። ሥራው ቢለወጥም አካሉ አልተለወጠም። ግድግዳው አሁንም ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ብረት ነው፤ በሩ ዙሪያውን በጎማ የተጠረቀመ ነው፤ ወለሉም አብዛኛውን ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። የተሠራው የዝናብና የባሕር ውሃ እንዳይገባበት ነው። ውሃ የማያስገባ ሣጥን ደግሞ በውስጡ ያለውንም በቀላሉ አያስወጣም። በግድግዳው አናት ላይ የሚታዩት ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎችም ለዚህ ሥራ በቂ አይደሉም።

የታሸገው አየር ሒሳብ

ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ሊሸከም ይችላል። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ተኩል በላይ መያዝ አይችልም። የተረፈው ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ውሃ ሆኖ ያርፍበታል። በኮንቴይነር ውስጥ ሌሊት ሌሊት ከሁሉም ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ጣሪያው ነው። ስለዚህ ጤዛው እዚያ ይቋጥራል፤ ሲከብደውም ከታቹ ባለው ካርቶን ላይ ይንጠባጠባል። መርከበኞች ይህን «ኮንቴይነሩ አላበው» ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ባዶውን 33 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። ይህ አየር እንፋሎት ጠግቦ ሳለ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚተፋው ውሃ 260 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ የአንድን ነጋዴ ዕቃ አያበሰብስም። ከአየሩ በስተጀርባ ትልቅ የውሃ ጎተራ አለ ማለት ነው።

ጎተራው ዕቃው ነው። ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 300 ጆንያዎች 18,000 ኪሎ ይሆናሉ። ቡናው በደንብ ደርቆ እርጥበቱ 12 በመቶ ነው ብንል እንኳ በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ 2,160 ኪሎ ውሃ ተጭኗል። ከዚህ ውስጥ አንድ መቶኛው ብቻ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ቢሄድ 21 ሊትር ይሆናል። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ የቡና እርጥበት ከ8 በመቶ እንዳያንስና ከ12.5 በመቶ እንዳይበልጥ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

በትክክል የደረቀ ምርት በራሱ አይሻግትም። ችግሩ ቀን ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው፣ ሌሊት ብርድ ሲያቀዘቅዘው፣ እርጥበቱ ከቦታ ወደ ቦታ እየተሰደደ በአንድ በኩል መከማቸቱ ነው። የጠቅላላው አማካይ 12 በመቶ ሆኖ የላይኛው ረድፍ ጆንያ ግን ረጥቦ ሊገኝ ይችላል። ገዢ ናሙና የሚወስደው ከዚያ ረድፍ ከሆነ የሚቀነሰው ዋጋ ጭነቱን በሙሉ ይነካል።

ቡና ብቻ አይደለም። ጥራጥሬ፣ በርበሬ፣ ጥጥ፣ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ቆዳና እንጨት ሁሉም ውሃ በውስጣቸው ይይዛሉ። በርበሬና ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣው አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሻጋታው በብሩሽ ስለተራገፈ አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምርት «አራግፎ መሸጥ» ለገዢው ጉዳት፣ ለሻጩም ዕዳ ነው። ከጣውላ የተሠራ ርብራብም ገና እርጥብ እንደሆነ ከገባ ሌላ የውሃ ምንጭ ይሆናል።

ክረምቱ ሲወጣ አደጋው አይወጣም

ብዙ ነጋዴ መስቀል ካለፈ በኋላ ይዘናጋል። ዝናቡ ስለቆመ እርጥበቱም የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕቃው በሐምሌና በነሐሴ የጠጣውን እርጥበት ገና አልተፋም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ በአዲስ አበባና በሌላው ደጋ ሰማዩ ይጠራል። ሰማይ በጠራበት ሌሊት የብረት ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀን በፀሐይ የጋለ፣ ሌሊት ቁር የመታው ጣሪያ ውስጡን ያልባል። ስለዚህ ኮንቴይነሩን ከፍቶ ዕቃውን ማናፈስ የሚገባው ልክ ዝናቡ እንዳባራ እንጂ ብርዱ ከገባ በኋላ አይደለም።

ለጣሪያው የሚበጀው ቀላል መፍትሔ ጥላ ነው። ከኮንቴይነሩ በላይ፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ ክፍተት ተትቶ የሚሠራ ተራ የቆርቆሮ ጣሪያ የቀኑን ግለትም የሌሊቱን ቅዝቃዜም ያለዝባል። ዝናቡንም ከበሩ ያርቃል።

ውስጡን በችፑድ ኮርኒስ ማልበስ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብረቱና በችፑዱ መካከል ክፍተት ከቀረ ሞቃቱ አየር በስንጥቁ እየገባ እዚያ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውም ዓይን በማያየው ቦታ ይጠራቀማል። ኮርኒሱ አምሮ እየታየ ጀርባው ሻጋታና ዝገት ይሆናል። ፎም የሚለጠፍ ከሆነ ያለ ክፍተት ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅ ማድረግ ይገባል።

ጥበቃው፣ ቡታጋዙና ፍራሹ

በአውሮፓና በአሜሪካ ሞተርሆም የሚሉት መኪና አለ። አልጋው፣ ማዕድ ቤቱና መታጠቢያው በአንድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። በዚያ ገበያ ያገለገለ ሞተርሆም የሚገዛ ሰው ከሞተሩ እኩል የሚጠይቀው ስለ እርጥበት ነው። ግድግዳው በመለኪያ ይፈተሻል፤ የእርጥበት ምልክት ከተገኘ ዋጋው ይወርዳል። ባለቤቶቹ ምግብ ሲያበስሉ የጣሪያውን መስኮት ይከፍታሉ፤ ፍራሹን በድፍን ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በርብራብ ላይ ያነጥፋሉ፤ የረጠበ ልብስ ውስጥ አያሰጡም።

በኮንቴይነር ውስጥ የሚያድረው የኛ የጥበቃ ሠራተኛ ያለበት ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ቡታጋዝ ሲቃጠልም ውሃ ይወልዳል። አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንግዲህ የ12 ኪሎ ተኩል ሲሊንደር በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ነዶ ካለቀ ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ዕቃው ላይ ተረጭቷል ማለት ነው። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ሳይቆጠር ነው። ፍራሹ ወለሉ ላይ ከተነጠፈ ደግሞ የገላው ሙቀት ያመጣው እርጥበት ከቀዝቃዛው ወለል ጋር ሲገናኝ ከታች በኩል ይሻግታል።

ስለዚህ ዕቃና ሰው በአንድ ኮንቴይነር ማደር የለባቸውም። የግድ ከሆነ በመካከላቸው ግድግዳ ይደረግ፤ የሰው በኩል የራሱ መስኮት ይኑረው፤ ምድጃው ደጅ ይውጣ።

እዚህ ላይ ከዕቃ የሚበልጥ ነገር አለ። ብርድን ለመከላከል ከሰል አቀጣጥሎ የብረት በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ቡታጋዝም ሆነ የላምባ ምድጃ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተመሳሳይ አደጋ አለው። አሠሪ ለጥበቃው ሠራተኛ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቢገዛለት ይሻለዋል።

በሩ መቼ ይከፈት?

«ዕቃ እንዲናፈስ ክፈት» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ደንቡ እንዲህ ነው። የውጭው አየር ከውስጡ ዕቃ የቀዘቀዘ ከሆነ መክፈት ያደርቃል፤ የውጭው አየር ሞቃትና እርጥብ ሆኖ ዕቃው ቀዝቃዛ ከሆነ መክፈት ያረጥባል። በደጋው አገር ጭጋጉ ከተገለጠና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት የጠዋት ሰዓታት ጥሩ ናቸው። ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ሲሞቅ ተጨማሪ እርጥበት ለመሸከም ቦታ ይኖረዋል። ዝናብ እየዘነበ ወይም ጉም ወርዶ ሳለ ግን ይዘጋ። በተቃራኒ ግድግዳዎች፣ አንዱ ከታች ሌላው ከላይ፣ ወንፊትና የዝናብ መከለያ ያላቸው ሁለት የአየር መስኮቶች ማስቆረጥ ደግሞ ሰው በሌለበትም ሥራውን ይሠራል።

ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ጭነት ነገሩ ይገለበጣል። ከደጋው ሌሊት በ16 ዲግሪ የተነሣ ዕቃ፣ 30 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ እርጥበት ባለው የባሕር ዳርቻ አየር ላይ በሩ ቢከፈት ዕቃው ራሱ ያልበዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልበው ማለት ነው። በዚያ ሥፍራ ዕቃው እስኪሞቅ ሳይከፍቱ መጠበቅ ይበጃል። ከዚያ በክረምት ወራት ወደ አውሮፓ የሚጓዘው ቡና ደግሞ በሞቃት ባሕር ተነሥቶ ቀዝቃዛ ወደብ ስለሚደርስ ጣሪያው ያልበዋል። ላኪዎች የኮንቴይነሩን ውስጥ በወፍራም ወረቀት ወይም በካርቶን የሚያለብሱትና እርጥበት የሚመጥጥ ከረጢት የሚሰቅሉት ለዚህ ነው።

ጨው፣ ከሰልና ሲሊካ ጄል

በየገበያው የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። አንዱ ጨው በሳህን አስቀምጥ ይላል፤ ሌላው ከሰል። የገበታ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ነው። ሻጋታ ደግሞ ከ70 በመቶ ጀምሮ መብቀል ይችላል። ጨው የሚነቃው ሻጋታው ከነቃ በኋላ ነው ማለት ነው። ከሰል ሽታ ይቀንሳል እንጂ ኮንቴይነር አያደርቅም።

ሲሊካ ጄል እውነተኛ መጣጭ ነው፤ ግን አቅሙ የተወሰነ ነው። አንድ ኪሎ ሲሊካ ጄል ቢበዛ ከ300 እስከ 400 ግራም ውሃ ይይዛል። አንድ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ከጠገበ በኋላ 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ካልደረቀ ዋጋ የለውም። ካልሲየም ክሎራይድ ከዚህ የበለጠ ይስባል፤ ነገር ግን ቀልጦ ጨዋማ ውሃ ስለሚሆን ከረጢቱ ከፈሰሰ ብረት ያዝጋል፤ ዕቃም ያበላሻል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ሣጥኑ በሚገባ ተዘግቶ፣ ምንጩ ደርቆ፣ የቀረችውን ጥቂት እርጥበት ለመያዝ ነው። እርጥብ ዕቃ አስገብቶ ከረጢት መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ በፊት መግዛት የሚገባው መለኪያ ነው። ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ኮንቴይነሩ ውስጥ ትሰቀል። ንባቧ ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ለአብዛኛው ዕቃ ሰላም ነው፤ ለብረት ዕቃ ግን ከ60 በታች ቢሆን ይመረጣል። መለኪያዋ መዋሸት አለመዋሸቷን ለማወቅ በውሃ በትንሹ ከረጠበ ጨው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ለአንድ ቀን ትቀመጥ። 75 አካባቢ ካነበበች ትታመናለች።

ለእህል ደግሞ የቆየ ዘዴ አለ። በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እህሉና ጥቂት ደረቅ ጨው ተጨምሮ በደንብ ይናጣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ኮንቴይነር አይግባ።

ጽዳት በባልዲ ውሃ አይደለም

ጠዋት ጠዋት ወለሉን ውሃ አፍስሶ ማጠብ ለሲሚንቶ ቤት መልካም ልማድ ነው። ለኮንቴይነር ሱቅ ግን ጠላት ነው። ኮምፔንሳቶው የቻለውን ይጠጣል፤ የቀረው በስንጥቁ ወርዶ ከታች ያሉትን የብረት አግዳሚዎች ያዝጋል። ወለል ይጠረግ፤ ከዚያ በተጨመቀ መወልወያ ይወልወል፤ በሩ ተከፍቶ ይድረቅ። የደንበኛ ጃንጥላና ጭቃ ጫማ የሚቀርበት ቦታ ከበሩ ውጭ ይዘጋጅ። አቧራም ይጠረግ፤ ሻጋታ በንጹሕ ብረት ላይ ምግብ የለውም፤ ብረቱን የሸፈነው አቧራና ቅባት ግን ቀለቡ ነው።

ሻጋታ የወጣበትን ቦታ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ስሕተት ነው። ዘሩ በአየር ተበትኖ ንጹሑን ዕቃ ይደርሰዋል፤ የጠራጊውንም ሳንባ ያውካል። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ይጣል፤ ቦታው ቶሎ ይድረቅ። በረኪና በቀለም በተሸፈነ ግድግዳ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ካልታጠበ ብረቱን ያዝጋል፤ እንጨት ውስጥ የገባውን ሥርም አያገኘውም። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለው የጽዳት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ዕቃ ሲደረደርም ከወለሉ በደረቅ ርብራብ ይነሣ፤ ከግድግዳው ቢያንስ የአንድ ክንድ እኩሌታ ይራቅ፤ ከጣሪያውም ክፍተት ይተው። ምግብ ነክ ዕቃ ወለሉን በቀጥታ እንዳይነካ። የኮንቴይነር ወለል እንጨት ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ መድኃኒት የታከመ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳም ይህን ይጽፋል።

ከመግዛት በፊት

ለገዢም ለደላላም የሚሆን አጭር ፍተሻ አለ። ቀን በፀሐይ ወደ ውስጥ ይግቡና አብሮዎት የመጣ ሰው በሩን ከውጭ ይግፋው። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ የብርሃን ነጥብ ከታየዎት ቀዳዳው እዚያ ነው። የበሩን ጎማ በእጅዎ ይዳስሱ፤ የተሰነጠቀና የደረቀ ከሆነ ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት። አዲስ ቀለም የተቀባ ጣሪያና የታችኛውን ጠርዝ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉ፤ ድምፁ ከፈዘዘ ቀለሙ ዝገት ሸፍኗል። በደንብ ያሽትቱ፤ የኬሚካል ወይም የዓሣ ሽታ በአንድ ቀን አይለቅም።

ለወለሉ ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ጠዋት ውሃው ከላስቲኩ በታች ከተገኘ የረጠበው ወለሉ ነው፤ ከላስቲኩ በላይ ከሆነ አየሩ ነው። ሣጥኑን ሲያስቀምጡም በቀጥታ መሬት ላይ አይሁን። በአራቱ ማዕዘን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ይነሣ፤ አየርና ጎርፍ ከሥሩ እንዲያልፍ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ የጠፋ ጭነት ከሚያወጣው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ላስቲክ፣ ጨውና ጠርሙስ፣ ደረቅ ርብራብ፣ ትንሽ መለኪያና በሰዓቱ የሚከፈት በር በማንኛውም ነጋዴ አቅም የሚገኙ ናቸው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የኮንቴይነር ነጋዴ ደግሞ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ዕቃው፣ ወለሉና ርብራቡ መድረቃቸውን ይጠይቅ። ከተቆለፈ በኋላ የሚጠየቀው የኪሳራው መጠን ብቻ ነው።